ታይናና የውርጩ ቁጥር

ታይናን ያወቅኳት በረቷ ውስጥ ነው። የእኔ ሥራ ከብት ያለው ሰው ሲታመም ወይም ዕረፍት ሲወጣ ተክቶ ማለብ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ይልከኛል፣ እሄዳለሁ። በኪቪላምፒ ሐይቅ ዙሪያ የማላውቀው በረት፣ ጠባዩን የማላውቀው ላም የለም። ሰዎቹንም እንደዚያው አውቃቸዋለሁ፤ በረት ውስጥ ሰው ብዙ አይዋሽም።

ታይና ዕረፍት ወጥታ እንኳ ከበረት አትጠፋም ነበር። እኔ ሳልብ እሷ በሩን ተደግፋ ትቆማለች።

"ሂጂ አረፍ በይ እንጂ፣ የመጣሁት ለዚህ አይደል?" እላታለሁ።

"ቤት ብገባ የማርፍ ይመስልሻል?" ትለኛለች፣ በአገጯ ወደ ቤቱ እያመለከተች። ቤት ውስጥ አማቷ አሉ።

ያኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቢቀራት ነው። ቁመቷ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ እጇ ግን በሥራ ብዛት አብጦ ጠዋት ጠዋት ኩባያ መያዝ ያቅታት ነበር። ባሏ አስሞ ግንድ የሚጭን የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሰኞ ይወጣል፣ ዓርብ ይመለሳል፣ ቅዳሜን ተኝቶ ያሳልፋል። ሥራ ጠልቶ አይደለም፤ እሱም ደክሞት ነው። እናም ላሞቹም፣ ጥጆቹም፣ ትራክተሩም፣ አሮጊቷም በታይና ጫንቃ ላይ ነበሩ።

አሮጊቷን እማማ ሂልያ እንላቸዋለን። ሰማንያን ያለፉ፣ እንደ ደረቅ ዓሣ የከሱና የጠነከሩ ሴት ናቸው። ክፉ አይደሉም፣ አፋቸው ግን አያርፍም። አማታቸው ሞተው ቤቱን ከተረከቡ ጀምሮ አንድ ሥራ የማንም አልነበረም፣ የእሳቸው ብቻ ነበር፤ በበረዶው ወራት ጠዋት ጠዋት ግቢውን አቋርጠው፣ በረቱ ግድግዳ ላይ የተቸነከረውን አሮጌ ቴርሞሜትር አይተው፣ ተመልሰው ለቤተሰቡ መናገር። "አሥራ አምስት ውርጭ።" "ሃያ ውርጭ።" ከዜሮ በታች ይህን ያህል ዲግሪ ማለታቸው ነው። የቀኑ ሥራ በዚያ ቁጥር ይቆረጣል። የጥጆቹን የውኃ ቧንቧ የሚያሞቀው ሽቦ ይሰካ ወይስ አይሰካ፣ ትራክተሩ ቀድሞ ይሙቅ ወይስ አይሙቅ፣ ሁሉም በእሱ ነው።

በዚያው ቁጥር ሰውም ይዳኛል። ታይና ከውጪ ገብታ ጣቷን ምድጃው ላይ ስትዘረጋ፣ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ሲያቅተው፣ እማማ ሂልያ ከገንፎው ቀና ሳይሉ "ሃያ ብቻ ነው" ይላሉ። "ሃያም ብርድ ሆኖ ሰው እንዲህ ይሆናል? የዛሬ ሰው ቆዳው ስስ ነው።" ታይና ጓንቷን ምድጃው ላይ ታሰጣለች። መልስ ለመስጠትም ጉልበት ያስፈልጋል።

አንድ ዓመት አሮጊቷ ወደዚያው ቴርሞሜትር ሲሄዱ ግቢው ላይ አንሸራተታቸውና የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ያን ጊዜ ታይና ላሞቹን ካለበች በኋላ አማቷን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ፀጉራቸውን ታበጥራለች። "አንዲት ላም ተጨመረችልኝ፣ ያውም ተራጋጭ" አለችኝ አንድ ቀን በሹክሹክታ፣ ሳቅ እንኳ ሳይታይባት። ሐኪሙ ከእንግዲህ በግግር በረዶ ላይ ብቻዎን እንዳይወጡ ብሏቸው ነበር። ግን የእጃቸው ጄሶ እንደተፈታ ጠዋት ሹልክ ብለው ይወጡ ጀመር። ታይና ማለቧን አቋርጣ ትሮጣለች፣ ክንዳቸውን ይዛ ትመልሳቸዋለች፣ ተመልሳ ወደ ላሞቹ። ይህ በየጠዋቱ ሆነ።

በዚህ የተነሳ ነው መንደሩ ካለው የዕቃ መደብር ያን መለኪያ የገዛችው። ሁለት ክፍል አለው፤ ውጪ የሚሰቀል የክብሪት ሣጥን የሚያህል ነጭ ላኪ፣ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ማሳያ። ሽቦ የለውም። ላኪው የውጪውን ብርድ ይለካና በሞገድ ይልከዋል፣ ማሳያው በትልልቅ ቁጥር ያሳያል።

"እማማ፣ ከእንግዲህ መውጣት የለብዎትም። እዚሁ ተቀምጠው ያዩታል" አለቻቸው።

እማማ ሂልያ ማሳያውን አገላብጠው አዩት። "ውጪ ሳይወጣ የውጪውን የሚያውቅ፣ ሐሜተኛ ብቻ ነው" አሉ።

ታይና ላኪውን የሰቀለችው በኩሽናው መስኮት አጠገብ፣ ሚስማር ባለበት ቦታ ነው። ለምን እዚያ ብትባል ሚስማር ስለነበረ ነው። ያ ግድግዳ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። ወቅቱ ፀሐይ መመለስ የጀመረችበት፣ በረዶው ግን ገና ጉልበት ድረስ ያለበት ነበር። ለምሳ ስትገባ እማማ ሂልያ ሻርፓቸውን አውልቀው ጠበቋት።

"ጫማሽን አውልቂ፣ ሐይቁ ውስጥ ገብተን እንዋኝ" አሏት።

"ምን ሆኑ እማማ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ። ዕቃሽ ነው። አሥራ አራት ሙቀት ይላል። ድንቹንም ዛሬ እንትከለው እንዴ?"

ታይና ቁጥሩን አየችው፣ በመስኮቱ አሻግራ ከጣራው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለውን የበረዶ ዘንግ አየች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስህተቱ ወዲያው ገብቷት ነበር። ግን ወጥታ ለመንቀል ተነሥታ ጓንቷን ማጥለቅ አለባት፤ ጓንቱን ደግሞ አሁን ነው ያወለቀችው።

በማግስቱ ነቅላ ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ጥላ መሆኑን እንጂ ሌላውን አላየችም። ከላኪው በታች፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የኩሽናው እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ ነበር። ቀን ቀን ቁጥሩ ደህና ይመስላል። ማታ ግን ድንች ሲቀቀል ሞቃቱ ትንፋሽ ሽቅብ ወጥቶ ላኪውን ያቅፈዋል። አንድ ምሽት ታይና እራት እያቀረበች ማሳያውን ቀና ብላ አየች፤ ዘጠኝ ውርጭ ይላል። በዘጠኝ ውርጭ የቧንቧ ማሞቂያ አይሰካም። ሳትሰካው ተኛች።

በዚያ ማለዳ ነው ስልክ የደወለችልኝ። ዕረፍቷም አልነበረም፣ ሕመሟም አልነበረም፤ እንደ ጎረቤት ነው የደወለችው። "ኦውቲ፣ የምትመጪ ከሆነ ባልዲ ይዘሽ ነይ" አለች።

ስደርስ የጥጆቹ ቧንቧ ከመታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ፣ ውኃው ወለሉ ላይ ፈስሶ እንደ መስተዋት ረግቶ ነበር። ጥጆቹ ጥግ ይዘው ይጮኻሉ። ታይና ተንበርክካ በመጥረቢያ ጀርባ በረዶውን ትቀጠቅጣለች። እኔ ከትልቁ በረት ውኃ በባልዲ አመላልሳለሁ። እስከ ቀትር ድረስ ስንሠራ ብዙ አላወራንም። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብላ እጇን እያየች፣ "ይሄን ዕቃ የገዛሁት ልረፍ ብዬ ነበር እኮ" አለች። መጥረቢያዋንም መልሳ አነሣች።

ቤት ስንገባ እማማ ሂልያ ጥቁር ዳቦ ቆርጠው፣ ሾርባ አሙቀው ጠበቁን። እስክንቀመጥም አልታገሡም።

"የበረቱን ግድግዳ ብታይ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። የሰውን ዓይን ንቆ የፕላስቲክ ዕቃ ያመነ፣ ዋጋው ይሄ ነው።"

"እማማ፣ ዛሬ ተዉኝ" አለች ታይና።

"እኔ ምን አልኩ?"

"ምንም አላሉም። ተዉኝ ብቻ።"

አሮጊቷ ሾርባውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

ከምሳ በኋላ ላኪውን ከዚያ ግድግዳ ነቀልነው። ታይና በእልህ ከማንኛውም ግድግዳ አርቃ፣ ከሐይቁ ዳር ባለችው ግንዷ ነጭ በርች ዛፍ ላይ ልታስረው ተነሣች። "እዚያ እንግዲህ ድንች የሚቀቅልለት የለም" አለች። በረዶውን እየጣሰች ሄደች። እኔ ግቢው መሐል ቆምኩ፣ እማማ ሂልያ ማሳያውን ይዘው ኩሽና ውስጥ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርገው። ታይና ከዛፉ ትጠይቃለች፣ እኔ አቀብላለሁ።

"ምን ይላል?"

"ምን ይላል እማማ?"

"ሰረዝ። ሁለት ሰረዝ። ቁጥር የለም።"

"ፍሪጁ ላይ ነው ያስቀመጡት? ከዚያ ያንሱት በያቸው።"

"አንስቼዋለሁ፣ እጄ ላይ ነው። በእርጅናዬ ሕፃን አሳቀፈችኝ፣ ያውም የማያለቅስ።"

"ወደ መስኮቱ ይጠጉ በያቸው።"

"ከዚህ በላይ ከተጠጋሁ ውጪ ነኝ። ከዚያ ደግሞ ሐኪሙ ይቆጣል።"

ሰረዙ አልጠፋም። በርቀቱ ላይ ችግር ተጨምሮበት ነበር፤ በዛፏና በቤቱ መካከል የትራክተሩ ማደሪያ ቆሟል፣ ጣራውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። ሞገዱ ያንን አያልፍም። አስሞ ቤቱን ሲያድስ ደግሞ ብርድ እንዳይገባ በግድግዳው ውስጥ ፎይል፣ ያን ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት፣ ለጥፎበታል፤ እናም በመስኮት ካልሆነ የሚገባበት የለውም። ታይና ይህን ያወቀችው ለመደብሩ ሰውዬ ስልክ ደውላ ነው። ሰውዬው ስለ ድንጋዩም ነገራት፤ ተራ የባትሪ ድንጋይ በከባድ ውርጭ ይሞታል፣ ሊቲየም የሚባለውን ግዢ አላት። ስልኩን ዘግታ ተንፍሳ፣ "ይሄን ሁሉ ሲሸጥልኝ ቢነግረኝ ምን ነበረበት" አለች። ከዚያ ራሷ መለሰችው። "ብነግራትም አትሰማም ብሎ ይሆናል። አለመስማቴ ያስታውቅ ነበር እንዴ?"

ያን ዕለት ደክሞን ተውነው። ላኪው ዛፏ ላይ አደረ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አስሞ አልተኛም። ማንም አልጠየቀውም። የቧንቧውን ነገር ሰምቶ ጠዋት ተነሥቶ ቧንቧውን ቀየረ፣ ከዚያ ከአሮጌ ሣጥን ላይ ስስ ጣውላዎች ፈልጦ ነጭ ቀለም ቀባቸው፣ አንዱን በአንዱ ላይ በማጋደል ክፍተት እየተወ ሠራው፤ ፀሐይ የማያስገባ፣ ነፋስ ግን ከአራቱም ማዕዘን የሚያሳልፍ ትንሽ ቤት። ሲጨርስ ለታይና አስረከባትና "የት?" ብቻ አላት።

ታይና በዚያ ሳምንት እየሠራች ስታስብ ከርማለች። ላኪውን ከዛፏ ፈትታ ውስጡ አደረገችና ከማገዶው ቤት ጀርባ ወሰደችው። ማገዶ ቤቱ እሳት የለበትም፣ ሰው አይተነፍስበትም፣ ጀርባው ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ከግድግዳው ፈንጠር ብሎ የቆመ የቆየ የልብስ ማስጫ ምሰሶ አለ። በዚያ ላይ፣ የሚቆለለው በረዶ በማይደርስበት በደረቷ ቁመት ልክ አሰረችው። ከምሰሶው ቀጥታ የኩሽናው መስኮት ይታያል፤ በመሐል ቆርቆሮ የለም። ማሳያውን ከፍሪጁና ከማይክሮዌቩ አርቀው መስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩት። ሰረዙ ጠፋ፤ ቁጥር መጣ፣ ቆመም።

ሥራው አልቋል ብለን ነበር። በሳምንቱ እሁድ ጠዋት ልጠይቃቸው ስመጣ ግን እማማ ሂልያ ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል።

"ሃያ አምስት ይላል። ውሸት ነው። አስሞ የበረቱን አይቶ መጣ፣ አሥራ ዘጠኝ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት አለ? አንዱ ውሸታም ነው፤ አሮጌው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ዋሽቶኝ አያውቅም።"

ታይና ገና ከማለብ መግባቷ ነው። ዓይኗ ቀልቷል። "ምን ይሁን ታዲያ እማማ?"

"ይፈተን። ጎን ለጎን ይሰቀሉና ይፈተኑ።"

ታይና ተቀምጣ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ተነሣች። አስሞ አሮጌውን ቴርሞሜትር ከበረቱ ግድግዳ በመፍቻ ነቀለው፤ ከኋላው ያለው እንጨት ቀለሙ ሳይጠፋ እንደ ማኅተም ቀርቷል። ወስደን ከነጩ ቤት ጎን፣ እዚያው ምሰሶ ላይ አሰርነው። እማማ ሂልያን ግራና ቀኝ ደግፈን አወጣናቸው፤ ያለ እሳቸው ፈተና አይሆንም። ቆመን ጠበቅን። ቀዩ ፈሳሽ ቀስ እያለ ወረደ። ሃያ። ሃያ ሁለት። ሲቆም ከአዲሱ ጋር አንድ ሆነ፤ ሃያ አምስት።

አስሞ ወደ በረቱ እያየ፣ "ቴርሞሜትሩ አልዋሸም። ግድግዳው ነው" አለ። "ውስጥ ላሞች አሉ። ዕድሜ ልኩን ትንፋሻቸው ሲያሞቀው ኖሯል።"

እማማ ሂልያ ጓንታቸውን አውልቀው መስታወቱን በጣታቸው ነኩት። ወደ ቤት መለስናቸው፣ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥናቸው። ታይና ቡና ቀዳችላቸው፣ አልጠጡትም።

"አስሞን አርግዤ" አሉ ቆይተው፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ፣ "አማቴ ልብስ እንዳለቀልቅ ሐይቁ ላይ ሰደዱኝ። በረዶውን ሰብሬ። ጣቶቼ መሰማት ሲያቆሙ ጥዬ ገባሁ። አማቴ በረት ሄደው ቁጥሩን አይተው መጡ። 'ሃያ ብቻ ነው፤ ልጄ ሰነፍ አገባ' አሉ። መልሰው ሰደዱኝ። እነዚህ ሁለቱ ጣቶች ከዚያ ወዲህ አይሰሙም።" እጃቸውን ዘርግተው አሳዩን። "ሰነፍ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር እኮ። ሌላው ሰው ሃያን ይችለዋል፣ እኔ ብቻ አልችለውም ብዬ። ሃያ አልነበረም።"

"አልነበረም እማማ" አለች ታይና።

"ለአንቺም ሃያ ብቻ ነው ብዬሻለሁ።"

"ብለውኛል።"

"ብዙ ጊዜ?"

ታይና ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። "አልቆጠርኩም። ደክሞኝ ነበር" አለች።

እማማ ሂልያ አንገታቸውን ነቀነቁ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማሁም፤ በዚያ ቤት ያ ቃል ብዙ አይነገርም። ነገር ግን ታይና ኩባያዋን ስታስቀምጥ አሮጊቷ ስበው እንደገና ሞሉላት። ሁላችንም ጠጣን። አስሞ ተነሥቶ የጥጆቹን ገለባ ሊያድስ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ትልቅ ለውጥ መጣ ብል እዋሻለሁ። እማማ ሂልያ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ቁጥር ይጠራሉ፤ አንድ ዲግሪ ሲወርድ ይናገራሉ፣ ሲወጣም ይናገራሉ። "ይሄን ከመስማት ድሮ ሲወጡ ማሳደዱ ይሻለኝ ነበር" አለችኝ ታይና አንድ ጊዜ። ግን ውጪ መሮጡ ቀርቶላታል። "ብቻ ነው" የሚለው ቃልም ከቁጥሩ ኋላ መምጣት አቆመ። አንዳንድ ቀን በእሱ ፈንታ "ወፍራሙን ሹራብ ልበሺ" ይላሉ፣ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያዞሩ። ታይና ትለብሳለች። የእጇ እብጠት ግን አልተወም፤ ሐኪሙ ማለብ ካላቆምሽ አይተውሽም ብሏታል።

በሁለተኛው ዓመት መኸር ላይ ላሞቹን ሸጡ። ውሳኔው የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከሐይቁ ማዶ ያለ ትልቅ በረት ወሰዳቸው። የጫናቸው መኪና ሲመጣ ማሰሪያቸውን አብሬያት ፈታሁ፤ ሁለታችንም እያንዳንዷን በስሟ እየጠራን አወጣናቸው። መኪናው በጥዶቹ መሐል ሲጠፋ ታይና ግቢው መሐል ቆማ ቀረች። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት፣ አንዴ በወገቧ፣ አንዴ በኪሷ።

"አሁን ምን ልሥራ?" አለችኝ።

የኩሽናው መስኮት ተከፈተ።

"ግቢና ተቀመጪ" አሏት እማማ ሂልያ። "ገንፎው ይቀዘቅዛል።"

ታይና ቦት ጫማዋን ደረጃው ላይ አራግፋ ገባች።